ጥቁር ሥጋ የተበላሸ ሥጋ አይደለም፦ «የዱር ወፍ ሁሉ አንድ ነው» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

«የዱር ወፍ ሁሉ አንድ ነው» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን በጎጃም ልጆች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ሰንብቷል። እኔም ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ቆቅና ስለ ጅግራ በአማርኛ ለመጻፍ የሚደክም ሰው ጥቂት ነው። ስለ ድካማቸው ጸሐፊውን አመሰግናለሁ። ከጻፉት ውስጥ ግን አብዛኛው ትክክል አይደለም። አንዳንዱ ነጥብ ደግሞ ሰው ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ሐሳቡ በአጭሩ ይህ ነው። ቆቅ፣ ጅግራ፣ ድርጭትና የዱር ርግብ ሥጋቸው አንድ ነው፤ ልዩነቱ የባለሙያዋ እጅ ነው። ሥጋው ከጠቆረ ደሙ አልፈሰሰም ወይም ወፉ ታሞ ነበር፤ ይጣል። ወፉ የሚበላው ነገር የሥጋውን ጣዕም አይለውጥም። ፈረንጆች «ግራውስ» የሚሉት ወፍ የእኛው ቆቅ ነው፤ ስለዚህ እንደ እነሱ ሆድ ዕቃው ሳይወጣ ለቀናት ተሰቅሎ ይቆይ። የዱር ወፍ ሥጋ ሁሉ ጠንካራ ስለሆነ ለብዙ ሰዓት ይቀቀል። በመጨረሻም፣ የዱር ወፍ ባለቤት ስለሌለው ያገኘ ይብላ።

በእሳቸው ቅደም ተከተል አልሄድም። ይበልጥ ካሳሰበኝ ነጥብ ልጀምር።

«ሥጋው ከጠቆረ ደሙ አልፈሰሰም፤ ይጣል»

በዚህ ምክር የተነሳ ደህና ሥጋ ለውሻ ይጣላል። ከዚያም አልፎ፣ ነጭ ሥጋ ሁሉ ደህና ነው የሚል እምነት ይፈጠራል። ሁለቱም ስህተት ነው።

ሥጋን የሚያቀላው በደም ሥር ውስጥ የቀረ ደም አይደለም። ጡንቻው ራሱ ውስጥ ማዮግሎቢን የሚባል ፕሮቲን አለ። ብረት የያዘ ቀይ ነገር ነው። ሥራው ለጡንቻው ኦክስጅን ማከማቸት ነው። ሳያርፍ ለረጅም ጊዜ የሚሠራ ጡንቻ ብዙ ማዮግሎቢን ይዞ ይፈጠራል፤ ስለዚህ ይጠቁራል። ለአፍታ ብቻ በኃይል ሠርቶ የሚያርፍ ጡንቻ ደግሞ በውስጡ የተከማቸውን ስኳር መሰል ጉልበት ሰጪ ነገር አቃጥሎ ይነሳል። ማዮግሎቢኑ ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ይነጣል። ደሙን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ብታንጠፈጥፉት እንኳ ማዮግሎቢኑ ከጡንቻው አይወጣም።

ማስረጃው በየቤታችን አለ። ዶሮ ስትታረድ ቢላው አንድ ነው፣ አንገቷም አንድ ነው፣ የፈሰሰው ደምም ያው አንድ ነው። ታፋዋ ግን ከፈረሰኛዋ ይጠቁራል። 12ቱን ብልት ስታወጣ የኖረች የጎጃም እናት ሁሉ ይህን ታውቃለች። ታፋውን «ደሙ አልፈሰሰም» ብሎ የሚጥል ሰው ግን የለም። ዶሮ ቀኑን ሙሉ ስትሄድና መሬት ስትጭር ትውላለች፤ እግሯ ሠራተኛ ነው። ክንፏን የምታነሳው አንዳንዴ ብቻ ነው። ደረቷ የነጣው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዱር ወፎቹ እንሂድ። ቆቅና ጅግራ እግረኞች ናቸው። ቆቅ ስትደነግጥ ቱር ብላ ትነሳለች። ትንሽ ርቀት በርራ ቁጥቋጦ ውስጥ ትገባና ከዚያ በእግሯ ታመልጣለች። ስለዚህ ደረቷ ነጣ ያለ፣ እግሯ ጠቆር ያለ ነው። ጅግራም እንደዚያው ናት፤ ደረቷ ብቻ ከዶሮ ደረት ትንሽ ይጠቁራል።

ድርጭት ሌላ ናት። ክብደቷ 100 ግራም አካባቢ ብቻ ነው። አንዳንዷ ድርጭት እዚሁ ደጋችን ላይ ኖራ የምትራባ ናት። ሌላዋ ግን አውሮፓ ሲበርድ ሜድትራኒያንን ተሻግራ፣ ሰሃራን አቋርጣ የምትመጣ ናት። ኦሪት ዘኁልቍ ምዕራፍ 11 ላይ ነፋስ ድርጭቶችን ከባሕር በኩል ወደ ሰፈሩ እንዳመጣቸው ተጽፏል። መንገዳቸው የጥንት ነው። ባሕርና በረሃ የሚሻገር ደረት ነጭ ሊሆን አይችልም። ጠቁሮ ስታገኙት ወፏ ጤነኛ ስለሆነች ነው። ሰዓታት ሙሉ የሚበሩት የዱር ርግብና የጣና ዳክዬም ደረታቸው ጥቁር ቀይ ነው። ርግብን ለሃይማኖት ክብር ሲል የማይበላ ብዙ ሰው አለ፤ እሱ የራሱ የተከበረ ምክንያት አለው። በቀለሟ ምክንያት ግን ርኩስ ወይም በሽተኛ አትባልም።

ደም ሳይፈስ የቀረ ወፍ የለም እያልኩ አይደለም። አለ። ግን በሌላ ምልክት ይታወቃል። የማዮግሎቢን ጥቁረት ጡንቻውን ሁሉ እኩል ይዞ ይገኛል። ያልፈሰሰ ደም ግን እዚህም እዚያም ይቋጥራል። በክንፍ መጋጠሚያ ያሉ የደም ሥሮች ሞልተው ይታያሉ። ከቆዳው ሥር ወይም የተመታበት ቦታ ላይ የረጋ ደም ይኖራል። ያንን ቆርጦ ማውጣት ነው። በእኛ አገር ደግሞ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሳይታረድ የሞተ ወፍ አይበላም። ለዚህ ነው አዳኙ የወደቀችውን ቆቅ ነፍሷ ሳይወጣ ለመድረስ የሚሮጠው። ለዚህም ነው በወጥመድ የተያዘች ወፍ የምትመረጠው፤ በሕይወት ትገኛለችና። በሥርዓቱ የታረደች ወፍ ደሟ በደንብ ይፈሳል። እንዲህ የታረደችን ድርጭት ሥጋዋ ጠቆረ ብሎ መጣል በከንቱ መግደል ነው።

የሚጣል ሥጋ የቱ ነው? የሸተተ፣ የሚያሙለጨልጭ፣ ሆዱ አካባቢ አረንጓዴ ያደረገ ነው። አንጀቱ ተበስቶ ፈርሱ ሥጋው ላይ ፈስሶ ብዙ የቆየም ይጣላል። በእርሳስ ጥይት የተመታ ከሆነ የቆሰለውን ቦታ ሰፋ አድርጎ መቁረጥ ያስፈልጋል። እርሳስ መርዝ ነው፤ ፍንጣሪው በዓይን ላይታይ ይችላል። አሜሪካ ከ1991 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለዳክዬና ለዝይ አደን የእርሳስ ጥይትን በመላ አገሪቱ ከልክላለች። ሥጋው ሎሚ ውስጥ ከመዘፍዘፉ በፊት ይህን መጨረስ ይበጃል። ኮምጣጣ ነገር እርሳሱን የማሟሟት ባሕርይ አለውና።

«ቆቅም ጅግራም ድርጭትም አንድ ናቸው»

እዚህ ላይ ጸሐፊው አራት ዓይነት ወፍ በአንድ ድስት ጨመሩ። እኔ ግን ቆቅ ራሷ አንድ አይደለችም እላለሁ።

በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ ገደልና ቁጥቋጦ ውስጥ የምናውቃት ትልቋ ቆቅ በሳይንሱ የኤርክል ቆቅ ትባላለች። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፐል በ1835 (እ.ኤ.አ.) ነው ለሳይንስ ያስተዋወቃት። ግንባሯ ጥቁር፣ አናቷ ቡናማ ቀይ፣ እግሯ ቢጫ ነው። ወንዱ ከ1 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራና ከሱዳን ውጪ በተፈጥሮ የትም የለችም። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለአደን ተብላ ሃዋይ ድረስ ተወስዳለች፤ እዚያም ተራብታለች። በሸዋና በባሌ ደጋ ሣር ላይ ደግሞ አነስ ያለች ሌላ ቆቅ አለች። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው እህትማማች ናቸው ይላል። የዘር ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳይቷል። የኤርክል ቆቅ ያለችበት ወገን ለድርጭት የቀረበ ነው። ያች የሣር ቆቅ ያለችበት ወገን ደግሞ ለዶሮ ይቀርባል። ስማቸው አንድ ቢሆንም የዘር ሐረጋቸው ተለያይቷል።

ጅግራ ከቆቅም ከድርጭትም ራቅ ያለች ናት። የራሷ ቤተሰብ አላት፤ እሱም የአፍሪካ ብቻ ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በየእርባታው ያለችው ጅግራ ሁሉ የዘር አገሯ አፍሪካ ነው። ወደ 1.3 ኪሎ ትመዝናለች። በመንጋ ነው የምትኖረው። ጎጃም ውስጥ ወደ አባይ ቆላ ሲወረድ ትገኛለች። ሥጋዋ ስብ የሌለው፣ ጠበቅ ያለ፣ ከዶሮ ይልቅ የዱር ጠረን ያለው ነው።

ከፍታም ልዩነት ያመጣል። ጎጃም ከአባይ በረሃ ተነስቶ 4,000 ሜትር የሚያልፈው ጮቄ ድረስ የሚወጣ አገር ነው። ከደጀን በታች ቁልቁል ማሽላ የምትለቅም ወፍና ከጮቄ ግርጌ የገብስ ማሳ ዳር የምትውል ወፍ ኑሯቸው አይገናኝም። እድሜም፣ ወቅትም፣ ጾታም ልዩነት አለው። የባለሙያ እጅ ትልቅ ነገር ነው፤ አልክድም። ባለሙያዋ ግን የያዘችውን ሥጋ ካላወቀች ሙያዋ ምን ላይ ያርፋል?

«ግራውስ የእኛ ቆቅ ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ ይሰቀል»

አይደለም። ግራውስ የሚባሉት ወደ 20 የሚሆኑ ዝርያዎች ናቸው። ሁሉም የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ወፎች ናቸው። በሰሜን አሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስያ ብርዳማ ደን፣ ሜዳና ተራራ ላይ ይኖራሉ። አፍሪካ ውስጥ አንድም የለም። እግራቸው በላባ የተሸፈነ ነው፤ የአፍንጫቸው ቀዳዳ ሳይቀር ላባ አለው፤ ለበረዶ የተሠሩ ናቸው። ወንዱ ቆቅ እግሩ ላይ ከኋላ ሹል ቀንድ መሰል ነገር አለው። ግራውስ ያ የለውም። ይህን ብቻ ማየት በቂ ነበር።

የሚገርመው፣ ግራውስ ራሱ «ሁሉም አንድ ነው» የሚለውን ሐሳብ የሚያፈርስ ምስክር ነው። በአሜሪካ ደን የሚኖረውና ሲደነግጥ ተነስቶ ወዲያው የሚያርፈው ባለ አንገት ላባው ግራውስ ደረቱ እንደ ዶሮ ነጭ ነው። ሩስያውያን የሚወዱት ትንሹ የአውሮፓና የእስያ ደን ግራውስም ነጭ ነው። በሜዳ ላይ የሚኖሩት፣ ብዙ ርቀት የሚበሩት ደግሞ ደረታቸው ጥቁር ቀይ ነው። የስኮትላንዱ ቀይ ግራውስ ጉበት መሰል ቀለም አለው። አይስላንዳውያን ለገና የሚሠሩት የበረዶ ግራውስም ጥቁር ነው። ደን ውስጥ መኖር ብቻውን ግን ሥጋ አያነጣም። በካናዳ ጥድ ደን የሚኖረው ግራውስ የደን ወፍ ሆኖ ሳለ ሥጋው ጥቁር ነው። እንግዲህ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ይህን ያህል ልዩነት ካለ ቆቅንና ድርጭትን አንድ ማለት ከየት መጣ?

ሥጋውን ሰቅሎ ወደ ማቆየቱ ልምጣ። እውነት ነው፣ እንግሊዞች ግራውስን ከነላባው ለቀናት ይሰቅሉታል። የአደን ወቅታቸው ከነሐሴ መጀመሪያ ይጀምራል፤ በእነሱ አቆጣጠር ኦገስት 12 ተከፍቶ ዲሴምበር 10 ይዘጋል። የስኮትላንድ መኸር ቀዝቃዛ ነው። የሚሰቅሉትም ነፋስ በሚያገኘው ቀዝቃዛ ክፍል ነው። ሥጋው ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ጡንቻውን ቀስ ብለው ያላሉታል። ይህን ከነሆድ ዕቃው አባይ በረሃ ላይ መሞከር ግን አደጋ ነው። በዚያ ሙቀት አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች በሰዓታት ውስጥ ይራባሉ። ቀኑ ሳይመሽ ሆዱ ያብጣል፣ ይሸታል። ጸሐፊው «ለ4 ቀን» ብለዋል። ይህን ምክር አንባቢ እንዳይከተለው አደራ እላለሁ። አሜሪካኖቹም ቢሆኑ ለአንዳንዱ ግራውስ ሆድ ዕቃው እዚያው የወደቀበት ቦታ ይውጣ ነው የሚሉት። ለምን እንደሆነ ስለ ምግብ ስናወራ እመለስበታለሁ።

የእኛ ሥርዓት የተሻለ ነው። ወፏ ትታረዳለች፣ ደሟ ይፈሳል፣ ወዲያው ሆድ ዕቃዋ ይወጣል። ቤት ሲደረስ ላባዋ ይነጫል። ከጸሐፊው ሐሳብ የምወስደው አንድ ነገር አለ፦ ማቆየት ጥቅም አለው። ወፍ ከታረደች በኋላ ለጥቂት ሰዓታት ጡንቻዋ ይገትራል። በዚያ ሰዓት ብትጠበስ ትጠነክራለች። ሆድ ዕቃዋ ወጥቶ፣ ጸድታ፣ ፍሪጅ ውስጥ ብታድር ትለሰልሳለች። ፍሪጅ በሌለበት ደጋ ደግሞ የሌሊቱ ብርድ ያግዛል፤ ጥላ ቦታ ተሸፍና ታድርና በማለዳ ትሠራለች። ቆላ ላይ ፍሪጅ ከሌለ የዚያኑ ዕለት ወጥ መሥራት ነው።

«የሚበላው ነገር ጣዕሙን አይለውጥም»

ይለውጣል። ለዚህ ደግሞ ከግራውስ የተሻለ ምሳሌ የለም።

በአሜሪካ ምዕራብ ደረቅ ሜዳ ላይ የሚኖር ትልቅ ግራውስ አለ። የበረዶውን ወራት ሙሉ የሚበላው የአንድ ቁጥቋጦ ቅጠል ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ቁጥቋጦው የእኛ አሪቲ የቅርብ ዘመድ ነው። አሪቲ ያሸተተ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ያን መራራና ሽታው ኃይለኛ ቅጠል ወራት ሙሉ የበላ ወፍ ሥጋው ያንኑ ይዞ ይመጣል። አዳኞቹ ሆድ ዕቃው ወዲያው ይውጣ የሚሉት ለዚህ ነው፤ የቅጠሉ ሽታ ከአንጀቱ ወደ ሥጋው እንዳይገባ። የካናዳው የጥድ ደን ግራውስም በሞቃቱ ወራት ፍሬና ነፍሳት ሲበላ ሥጋው ጥሩ ነው። በበረዶው ወራት የጥድ ቅጠል ብቻ ሲበላ ሙጫ ሙጫ ይላል። ወፉ ያው ወፍ፣ ደኑ ያው ደን ነው። የተለወጠው የበላው ነገር ነው።

የስኮትላንዱ ቀይ ግራውስ የሚኖረው በአንድ አጭር ቁጥቋጦ ቡቃያ ነው። ያ ተክል ጮቄ ላይ የምናውቀው አስታ ያለበት ቤተሰብ አባል ነው። የእኛ ቆቅም አስታ ባለበት ትገኛለች። ግን አስታው መጠለያዋ ነው እንጂ እንደ ስኮትላንዱ ወፍ ቀለቧ አይደለም። እሷ ዘር፣ የሣር ሥር፣ ለስላሳ ቡቃያ፣ የዱር ፍሬና ነፍሳት ትበላለች። ማሳ ዳር ከሆነች እህል ትለቅማለች። ስለዚህ የቆቅ ሥጋ ከግራውስ ይልቅ ወደ ዶሮ የሚያደላ፣ ለስለስ ያለ ጣዕም አለው።

በጎጃምም ቢሆን ወቅት ልዩነት አለው። ከኅዳር እስከ ጥር ጤፉ ታጭዶ፣ በቆሎው ተሸልቅቆ፣ አውድማው ላይ እህል ሲፈስ ወፎች ይጠግባሉ። ከቆዳቸው ሥር ትንሽ ስብ ይይዛሉ። ክረምት መግቢያ ላይ ግን እህሉ አልቋል፤ ወፏ ሥርና ትል ፍለጋ ስትቆፍር ነው የምትውለው። ያን ጊዜ ሥጋዋ ይከሳል፣ ጣዕሙም ይከብዳል። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል፦ ወፎቹ ጥሩ የሚሆኑበት ጊዜ ግማሹ ጾመ ነቢያት ነው። ለጾመኛ ጎጃሜ የሚቀረው ከገና እስከ ዐቢይ ጾም ያለው ጊዜ ነው፤ ከዚያም ረቡዕና ዓርብ ይቀነሳል። ይህ ለወፎቹ እፎይታ ሆኗል ብዬ አምናለሁ።

ወፏ ምን በልታ እንደነበር ማወቅ ቀላል ነው። አንገቷ ሥር ያለችውን የእህል ከረጢት ከፍቶ ማየት ነው። በቆሎ ካለ፣ ሥር ካለ፣ ነፍሳት ካለ ይታያል። አሮጌ አዳኞች ይህን ሳያዩ ሆድ ዕቃ አይጥሉም።

ምግብ ጣዕም ብቻ ሳይሆን ጤናንም ይነካል። በሜድትራኒያን ዙሪያ በጉዞ ላይ ያለች ድርጭት በልተው የሚታመሙ ሰዎች አሉ። በሽታው ኮተርኒዝም ይባላል። ጡንቻ ያማል፣ ያደክማል፣ ሲብስ ኩላሊት ይጎዳል። እዚያ ድርጭት የበላ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም። «የበላው ነገር ለውጥ የለውም» ብሎ መጻፍ ግን ይህን ሁሉ መርሳት ነው።

«ሁሉም ጠንካራ ነው፤ ብዙ ሰዓት ይቀቀል»

ሽማግሌ ቆቅ ጠንካራ ነው። ጎረምሳ ቆቅ ግን አይደለም። ልዩነቱን ሳይበስል ማወቅ ይቻላል። ወንድ ከሆነ እግሩ ላይ ያለውን ሹል እዩ። ያልሾለና አጭር ከሆነ ልጅ ነው፤ ረጅምና ስል ከሆነ አርጅቷል። የታችኛው ምንቃርም ይናገራል። ምንቃሩን ይዛችሁ ወፉን ብታነሱት የልጅ ምንቃር ይታጠፋል፤ የአዋቂው ይጸናል። የደረት አጥንቱ ጫፍም በልጅነት ለስላሳ ነው።

ከዚያ ሌላው ነገር ብልት ነው። እግርና ታፋ ውስጥ ኮላጅን የሚባል ጅማታም ነገር አለ። ኮላጅን የሚሟሟው በቀስታ እሳትና በፈሳሽ ውስጥ ነው። ደረት ግን ኮላጅኑ ትንሽ፣ ስቡም ትንሽ ነው። ብዙ በቀቀሉት ቁጥር ውኃው ይወጣና እንጨት ይሆናል። ጸሐፊው «ጠንካራ» ያሉት ሥጋ ከመጠን በላይ የበሰለ ደረት ይመስለኛል። ወፏን ሙሉዋን አንድ ላይ ለሰዓታት ከቀቀሉ እግሩ ሲበስል ደረቱ ይደርቃል።

መፍትሔው ብልት ለይቶ ማብሰል ነው። ቁሌቱ በደንብ ይብሰል፤ በርበሬው በቅቤ ይቁላላ። መጀመሪያ እግርና ታፋ፣ አንገትና ጀርባ ይግባ። በቀስታ ይንተክተክ። ደረቱ ወደ መጨረሻው ይጨመር። እስከ አጥንቱ ይብሰል፤ ውስጡ ቀይ ሆኖ አይበላ፤ ግን እንደበሰለ ይውጣ። የቆቅ ሥጋ ስብ ስለሌለው ቅቤ አይሰሰትበት። ኮረሪማ ይወዳል። ጎረምሳ ቆቅ ከሆነ ደረቱን ለብቻው ጥብስ ማድረግም ይቻላል፤ ሮዝመሪና ቃሪያ ጣል ይደረግበታል። ድርጭት ደግሞ ቶሎ ትበስላለች። ጥቁር ሥጋዋ ራሱ ጣዕም አለው፤ ብዙ በርበሬ ያፍነዋል። በጨው፣ በነጭ ሽንኩርትና በቅቤ ብትጠበስ ይበቃታል። ለሽማግሌ ጅግራ ብቻ ነው የጸሐፊው ረጅም ሰዓት ልክ የሚሆነው።

«ባለቤት የለውም፤ ያገኘ ይብላ»

ባለቤት አለው። በአገራችን ሕግ መሠረት የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ማደን ወንጀል ነው። ወፍም የዱር እንስሳ ነው። የአያቶቻችን ልማድ ነው ማለት ፈቃድ አይሆንም። ጫጩት የምትመራ ቆቅ መያዝ ደግሞ ሕጉ ባይኖር እንኳ የሚያሳፍር ነው። እናቲቱ ስትያዝ ጫጩቶቹም አብረው ይጠፋሉ።

«ያገኘ ይብላ» የሚለው ግን ከሕጉም በላይ ያስፈራኛል። ዛሬ በየማሳው ፀረ አረምና ፀረ ተባይ ይረጫል። መድኃኒት የተቀባ ዘር ይዘራል። ወፎች ያንን ዘር ይለቅማሉ፤ የተረጨበትን ነፍሳትም ይበላሉ። በመርዝ የደከመች ቆቅ አትሸሽም። ቆቅ ደግሞ በንቃቷ የምትታወቅ ወፍ ናት። ሰው ሲቀርባት ዝም ብላ የቆመች ቆቅ፣ የምትንገዳገድ ጅግራ፣ ምራቅ የሚያዝረበርባት ድርጭት ካያችሁ በእጃችሁ በቀላሉ ትያዛለች። ልጆች ዕድል ቀናን ብለው ይዘዋት ይመጣሉ። እንዲህ ያለችው ወፍ ብትታረድም አትበላም። ሥጋዋ ነጭም ይሁን ጥቁር አትበላም፤ መቀቀልም መጥበስም መርዙን ያጠፋል ተብሎ አይታመንም። የእህል ከረጢቷ ውስጥ ቀይ፣ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ዘር ከተገኘ ነገሩ ግልጽ ነው። ለውሻ ወይም ለድመትም አትሰጡ። በባዶ እጅ ሳትነኩ፣ ከውኃ ምንጭ ርቆ ጠለቅ ባለ ጉድጓድ ይቀበር። የነካ ልጅ ካለ እጁን በሳሙና ይታጠብ። ወፎች በብዛት ሞተው ከተገኙ ደግሞ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያና ለወረዳው እንስሳት ሐኪም ይነገር። መርዝም ሊሆን ይችላል፣ ለቤት ዶሮ የሚተርፍ በሽታም ሊሆን ይችላል።